የሁለት ሰው በግ

የካቲት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ በጎች ጠፉ። የጠፉት ከሜዳ ሳይሆን ከእኔ ቢሮ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከልን አዲሱ የቆጠራ ፕሮግራም የወሩን መረጃ ከዲስኬቱ ላይ አንብቦ ሲጨርስ፣ ጣቢያችን ከድርቁ በኋላ ለጣርማ በር ገበሬዎች ካደላቸው በጎች ብዙዎቹ «የሉም» ብሎ አረፈው። የጎደሉትን ሁሉ የመዘገበው አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ ሸሪፍ።

ጋሽ ሸሪፍ የአልዩ አምባ ሰው ነው። በየወሩ ገደሉን እየወጣ እየወረደ፣ ጆሯቸው ላይ ቁጥር የተንጠለጠለላቸውን በጎች ይመዝናል፣ ይመዘግባል። እሱ ያመጣልኝን እኔ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገባለሁ። የእጄ ስሕተት መስሎኝ ፕሮግራሙን ደግሜ አስኬድኩት። ባሰበት፤ አሁን ደግሞ ግልገሎቹም ጠፉ።

ለጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ወልደአረጋይ ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ፈሪ ነው። እኔስ ቢሆን ምን አገባኝ፤ የተቀጠርኩት መረጃ ላስገባ ነው።

የካቲት 7

ጾም ገባ።

ማንም ሳይናገር ወሬው ወጣ። ውጤቱ በፕሪንተር ታትሞ በፖስታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ መንገዱን ያውቃል። ዛሬ የፓርቲው ተጠሪ ጓድ ኪዳነ ማርያም ከአጣሪ ኮሚቴ ጋር መጥቶ የጋሽ ሸሪፍን ቅጾች ሰብስቦ ወሰደ። በኮሪደር ሲያልፉ አንደኛው «ይሄ ስርቆት አይባልም፣ ሻጥር ነው» ሲል ሰማሁ። ስርቆትና ሻጥር ምን ያህል እንደሚራራቁ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። ከአንዱ በዋስ ይወጣል።

ጋሽ ሸሪፍን ጠየቁት። «በጎቹ አሉ» አለ። የት? «አሉ።» ሌላ ቃል አልወጣውም። ከሥራ ታግዷል፤ ከተማውን እንዳይለቅ ተነግሮታል። እስከ ፋሲካ ማስረጃ ካላቀረበ ጉዳዩ ለጸጥታ ይተላለፋል።

ለምን አይናገርም? ሰው እንዴት በገዛ አንገቱ ይጫወታል?

የካቲት 9

መብራት የለም። ብርድ። ፕሮግራሙን ከማስኬዴ በፊት የወሩን መረጃ የገለበጥኩበት አንድ ንጹሕ ዲስኬት መሳቢያዬ ውስጥ አገኘሁ። ሌላ ቅጂ እንዳላወጣበት ባዶ ዲስኬት እንኳ ቢሮው ውስጥ የለም። ሳልነካው መልሼ ቆለፍኩበት። ስላላጠፋሁት ተመስገን።

የካቲት 13፣ እሑድ

የጋሽ ሸሪፍ ባለቤት እትዬ ኩብራ ተከራይቼ የምኖርባት ክፍል ድረስ መጣች። አንድ ከረጢት ሎሚ ይዛለች። ወንበሩን ስሰጣት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ወለተ ሥላሴ፣ ወላሂ፣ ሸሪፍ የሰው በግ አይነካም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለኔም አይነግረኝ። ‹ብናገር የሚጎዳው ሌላ ነው፣ ዝም በዪ› ይለኛል። ሌሊቱን ተቀምጦ ነው የሚያነጋው። አንቺ ከማሽኑ ጋር ትነጋገሪያለሽ ይላሉ፤ እስቲ ጠይቂልኝ፣ በጎቹን የት አደረሳቸው?»

ማሽን እንዲህ አይጠየቅም፣ እኔም ጸሐፊ ነኝ አልኳት። ሰምታ ስትጨርስ አመስግናኝ ሄደች። ምንም ሳላደርግላት መመስገኔ ጥርሴን አሳመመኝ። ሎሚው መስኮቱ ላይ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምጽፈው።

የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

አዲስ አበባ ደወልኩ። የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ሰው የሚያነበውን ማለቴ ነው፣ እንዲልኩልኝ ለመንኩ። ለእኛ የደረሰን ማሽኑ ብቻ የሚረዳው የተቆለፈ ቅጂ ነው። ስልኩን ያነሣው ሰውዬ «እህት፣ አንቺ አስኪጂ እንጂ አትመርምሪ» አለኝ።

አባቴ፣ አንኮበር ያሉት መሪጌታ ብርሃነ መስቀል፣ ይህን ቢሰሙ ሦስት ቀን ይስቃሉ። ለመገልበጥ የመጣ ተማሪን መጽሐፍ ከልክለው አያውቁም፤ «የተቆለፈ መጽሐፍ የሚጠቅመው ለአይጥ ነው» ይላሉ።

ንዴት አንዳንዴ ደግ ነው። ይህን ማሽን ተክሎልን የሄደው ፈረንጅ የተወልኝ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ ባለበት እግዚአብሔር ይስጠው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳነብ ዋልኩ። የገባኝ ይኸውና። የትኛውም ፕሮግራም በራሱ እጅ ዲስኬት አይነካም። ሲያነብም፣ ሲጽፍም፣ ሲያጠፋም ማሽኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም በአንዲት በር በኩል ነው። እንግዲህ በሩ ላይ ዘበኛ ባቆምስ? ዘበኛው የቆጠራው ፕሮግራም የጠየቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ያትምልኛል። «ይህን አጥፋልኝ» ሲለው ደግሞ «እሺ፣ ጠፍቷል» ብሎ ዲስኬቱን ሳይነካ ይመልሰዋል። ፕሮግራሙ የፈለገውን የጻፈ ይመስለዋል እንጂ የጻፈው ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ቦታ ላይ ነው። አጥር ውስጥ ይሮጣል፣ እኔ ዱካውን አያለሁ።

ስሙን ጉረኖ ብዬዋለሁ። የበጎቹን ጠላት በጎች በሚያድሩበት አስሬ ማየት አማረኝ።

ምን አገባኝ ብያለሁ እኮ። አሁንም እላለሁ።

የካቲት 22

ጉረኖን ስሞክር ማሽኑ ደረቀ፤ ቁልፍ ብነካ አይሰማ። አጥፍቼ አበራሁ። ደረቀ።

የካቲት 25

አንድ መስመር ቦታዋን ስታ ኖሮ ዘበኛው ራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ራሱን ጠይቆ፣ ራሱን ሲጠብቅ ይውላል። ብዙ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ እንዲህ ያለ።

አቶ ወልደአረጋይ ነገሩ ሁሉ ግራ ነው። ባለፈው ሳምንት «ናፍጣ የለም» ሲል ከርሞ፣ ቅዳሜ ሰው በሌለበት ጄኔሬተሩን አስነሣልኝ። ከዚያ ወንበር አውጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከቢሮዬ በር ፊት ለፊት፣ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ። እየሰለለኝ ነው እንዴ? ጓድ ኪዳነ ማርያም ብቅ ሲል «ወለተ ሥላሴ የደሞዝ መዝገብ እየሠራች ነው፣ አትረብሿት» ሲለው ሰማሁ። ውሸቱን ነው። ሰው ያለ ምክንያት ይዋሻል? ፈሪ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሁሉንም ይፈራል።

መጋቢት 5፣ አቦ

ጉረኖ ሠራ።

ንጹሑን ዲስኬት አስገባሁ፣ ፕሮግራሙን በአጥሩ ውስጥ ለቀቅኩት። ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ። አንብብ፣ አንብብ፣ አንብብ። ሲጋልብ ቆይቶ አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ቁጥር ሌላ ቦታ ፈልጎ አገኘ። ከዚያ «አጥፋ» አለ። ደግሞ «አጥፋ» አለ፤ ሁለቱንም።

አንዲት በግ በሁለት ሰው ስም ከተመዘገበች ፕሮግራሙ ማጣራት አያውቅም፤ ሁለቱንም ይደመስስና «የለችም» ይላል። ሁለተኛ ሲያስኬዱት ደግሞ የግልገሎቹ እናት መዝገብ ላይ ስለሌለች፣ እናት የሌለው ግልገል ብሎ እነሱንም ይጠርጋል። በጎቹ ያለቁት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። የእኔ ጣት «አስኪድ» ባለች ቁጥር አለቁ።

ዲስኬቱን አውጥቼ አየሁት። ሁሉም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን አስደግፌ «ተመስገን» አልኩ፣ ካልኩም በኋላ ደገምኩት።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ለምን ሁለት ሁለት ስም? ወይዘሮ አልታየች ከጣርማ በር፣ መሊካ ከቆላው። ደግሞ ሌላ ደገኛ፣ ሌላ ቆለኛ። ስሞቹን ጽፎ ያመጣው ጋሽ ሸሪፍ ነው። እውነት አታሎን ቢሆንስ? ይህን በማሰቤ ራሴን ጠላሁት። ግን አሰብኩት።

መጋቢት 6

ቤቱ ሄድኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ አሳየሁት። ጋሽ ሸሪፍ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እትዬ ኩብራ ሻይ አስቀምጣልን ወጣች።

«ርቢ ነው» አለኝ በመጨረሻ።

ርቢን ማን ያጣዋል፤ አንኮበር ተወልጄ እንዴት ይጠፋኛል፣ ግን ጠፍቶኝ ነበር። ወይዘሮ አልታየች ባሏ የሞተባት ናት። በብርድ ጊዜ ደጋው ሣር የለውም፤ በጓን ቆላ ላለችው ለመሊካ ትሰጣለች። መሊካ ታረባለች፣ የተወለደውን ይካፈላሉ። አያቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። የጣቢያችን ደንብ ግን የታደለ በግ ለሌላ ሰው ከተላለፈ ይነጠቃል ይላል።

«አልታየችን ‹ይቺ የማን ናት?› ብዬ ጠየቅኳት። ‹የእኔ› አለች፤ ጻፍኩ። ወርጄ መሊካን ጠየቅኳት። ‹የእኔ› አለች። እንግዲህ ተኝታ ያላደረችላትን፣ ምጧን ቁጭ ብላ የጠበቀችላትን በግ፣ ‹ያንቺ አይደለችም› ልበላት? ነውር አይደለም ወይ? እሱንም ጻፍኩ።»

«ታዲያ ለኮሚቴው ለምን አትነግራቸውም?»

«በጎቹ ይነጠቃሉ። አልታየች ሌላ ምን አላት? አላህ ለኔ ያውቅልኛል። ይሄን ወረቀት ግን አታሳዪ፣ እህቴ። በነቢዩ ይሁንብሽ፣ አታሳዪ።»

ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ነፃ የሚያወጣው ወረቀት በእጄ ነው፤ ነፃ የሚወጣው ሰው ራሱ አታሳዪ ይለኛል።

መጋቢት 11

ሬድዮው ማርሽ ብቻ። ከሰሜን የመጣ ወሬ አለ፤ ሁሉም ይሰማል፣ ማንም አይናገርም። የጎረቤቴን ልጅ ለውትድርና ወሰዱት። ኮሚቴው ፊቱ ጠቁሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው በትንሽ ነገር ይጠፋል።

ሽሮ መብላት አቃተኝ።

መጋቢት 14

ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ወረቀቱን ለአቶ ወልደአረጋይ ሰጠሁት፣ ርቢውንም ነገርኩት። ስሞቹን ረጅም ጊዜ አየ። አጥፎ መለሰልኝና «ይህን ወረቀት አላየሁም» አለ።

ይኸው ነው? ሃያ ዓመት ያገለገለ ኃላፊ፣ አላየሁም?

በማግሥቱ፦ ጂፑን አስነሥቶ ቆላ ወረደ፤ የሣር ዘር ሊያመጣ ነው ይላሉ። ሰው አንገቱ ላይ ገመድ እያለ የሣር ዘር።

መጋቢት 18

መኪናው አልዩ አምባ ተበላሽቶ ቀረ ተባለ። ማንጎውን እየበላ ይሆናል። ፋሲካ እየቀረበ ነው። ጋሽ ሸሪፍ ገበያ ላይ አየኝና ፈገግ አለ። እኔ ፈገግ ማለት አቃተኝ።

መጋቢት 21፣ ማርያም

ትናንት መጣ። አቧራ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ። ቢሮዬ ገብቶ «ያቺ ጉረኖሽ ቁጥሩን ብቻ፣ ስም ሳይጨምር ማተም ትችላለች?» አለኝ። ትችላለች አልኩ። አንድ መስመር ነው፤ የራሴ ስለሆነች ሆዷ ክፍት ነው።

ዛሬ በኮሚቴው ፊት ፕሮግራሙን አጥር ውስጥ አስሮጥኩት። ፕሪንተሩ «አጥፋ፣ አጥፋ» ሲል ጓድ ኪዳነ ማርያም ተነሥቶ ቀረበ።

«ለምንድነው እነዚህን የሚያጠፋው?»

«ሁለት ጊዜ ተጽፈው ሲያገኝ ያጠፋል፣ ጓድ።»

«ለምን ሁለት ጊዜ ተጻፉ?»

አቶ ወልደአረጋይ መነጽሩን እየጠረገ «እኛ ሁለት ጊዜ ነው የምንቆጥረው ጓድ፤ ለጥንቃቄ» አለ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። «የማሽን ነገር ካላመናችሁ ቅዳሜ ጣርማ በር ወጥተን በጎቹን እዚያው እንቁጠር።»

ምን ነካው? በጎቹ ቆላ ናቸው እኮ። እያወቀ። ጨረሰን።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ ማታ

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ ሳልረሳው።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ነበር። የመሿለኪያው አፍ እንኳ አይታይም። ጓድ ኪዳነ ማርያም ስስ ካፖርት ለብሶ ይንዘፈዘፋል፣ ጋሽ ሸሪፍ በሁለት የኮሚቴ አባላት መካከል ይራመዳል፣ እኔ ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ድምፅ ሰማን፣ የበግ ድምፅ። አንድ ሁለት አይደለም።

በጎቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ጆሯቸው ላይ ቁጥሩ አለ፤ ደገኞቹ ባለቤቶች በየበጎቻቸው አጠገብ ቆመዋል። ከኋላቸው ደግሞ ስስ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ነጠላ የተከናነቡ፣ ጥርሳቸው የሚንገጫገጭ ሰዎች። ለጣርማ በር ብርድ እንዲህ ለብሶ የሚወጣ ደገኛ የለም።

«እነዚህስ እነማን ናቸው?» አለ ጓዱ።

«እንግዶቼ ናቸው» አለች ወይዘሮ አልታየች። ቀጭን ሴት ናት፣ ዓይኗን አትሰብርም።

ቆጠራው ተጀመረ። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ ጓዱ ጆሮ እየያዘ ያያል፣ ምልክት ያደርጋል። ተራው ለወይዘሮ አልታየች ደረሰ። «የማን ናት?» አላት። «የእኔ ናት» አለች። የበጓን ጆሮ ለቀቀው። በጓ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም፤ ሰዉን ሰንጥቃ ሄዳ፣ አንዲት ነጠላ የለበሰች ቆለኛ ጉያ ውስጥ አንገቷን ቀበረች። መሊካ ነበረች። እጇ ሳታዝዘው የበጓን ጆሮ ያሻል።

ጓድ ኪዳነ ማርያም ሴትዮዋን አየ፣ በጓን አየ፣ አልታየችን አየ።

«ጨው ይዤ ነው» አለች መሊካ ቀስ ብላ። እጇ ባዶ ነበር።

ጓዱ ወደ ወረቀቱ ዞረ። «በግ ጨው ትወዳለች» አለና ምልክቱን አደረገ። «ቀጣይ።»

አንዲትም አልጎደለችም።

ቆጠራው ሲያልቅ መሊካን ጠጋ ብዬ እንዴት አወቃችሁ አልኳት። «ያ መነጽር ያለው ሰውዬ ነዋ። በየቤቱ ዞሮ ‹እስከ ቅዳሜ በጎቹን ጌቶቻቸው ዘንድ አድርሱ› አለን። አሁን ማታ ደግሞ ይዘናቸው እንወርዳለን።» መኪናው ተበላሽቶበት አልነበር? አልኳት። «የቱ መኪና? ያቺ ጂፕ? ግልገሎቹን ጭኖ እስከ ዳገቱ ያወጣልን በሷ አይደል እንዴ» አለችኝ።

ፈሪ ያልኩበትን ገጽ ልቀደው ብዬ ነበር። አልቀደውም፣ ይየኝ። አቶ ወልደአረጋይ ጂፑ ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ጉንፋን ይዟቸዋል። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት «ስለ ምን?» አሉኝ። ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ያነበቡት ጋዜጣ አንድ ሳምንት የቆየ እንደነበረ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ስንመለስ ከኋላ ሆኜ ጓድ ኪዳነ ማርያም ጋሽ ሸሪፍን ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጠይቀው ሰማሁ፤ «እናንተ ዘንድ ግልገሉ እኩል ነው የሚካፈለው? በእኛ አገር ለአርቢው ሲሶ ነበር።»

«እኩል ነው ጓድ» አለው ጋሽ ሸሪፍ።

«ይሻላል» አለና መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ሚያዝያ 4፣ አንኮበር

ለፋሲካ መጥቻለሁ። ጋሽ ሸሪፍ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ደብዳቤውን ሳልወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደዚህ ዓመት ቅቤ ጣፍጦኝ አያውቅም።

አዲስ አበባ ፕሮግራሙን አናስተካክልም ብለዋል፤ «ለሁሉም ጣቢያ አንድ ነው»። ስለዚህ ጉረኖን እንዳትነሣ አድርጌ ዙሪያው ተውኳት። እሱ «አጥፋ» ይላል፣ እሷ «እሺ» ትለዋለች፣ በጎቹም ይኖራሉ።

አባባን ጠየቅኳቸው። «ነፍስ የሌለውን ነገር በየቀኑ መዋሸት ንስሓ ያስገባል?»

አሰቡበት። «እርሻ ላይ ሰው የሚመስል ማስፈራሪያ እናቆማለን። ወፍን ዋሸሁ ብሎ ንስሓ የገባ ገበሬ አላየሁም» አሉኝ። «ይልቅ ያቺን አጥርሽን ሌላ ሰው ቢፈልጋት ትሰጪያለሽ?»

ሰጥቻለሁ። ሌላ ጣቢያ የሚሠራ ዘርአ ዳዊት የሚባል ልጅ ወሬውን ሰምቶ ደውሎልኝ ነበር፤ የእሱ ጊደሮች እየጠፉ ነው። ባዶ ዲስኬት ላከልኝ፣ ከነጽሑፏ፣ ከነሆዷ ገልብጬ ላክሁለት። «ያሻሻልከውን መልሰህ ላክልኝ፣ ለጠየቀህም አትከልክል» ብዬ ጻፍኩበት። አባባ ሲሰሙ ጢማቸውን አሻሹ። እሱ ለኔ ትልቅ ምርቃት ነው።

ሚያዝያ 8፣ ደብረ ብርሃን

ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል መሰለኝ፤ ጋሽ ሸሪፍ ጾም ሳይዝ ጣርማ በርን ልጨርስ ብሎ ሲቻኮል ነበር። ከሰዓት ቢሮዬ መጥቶ ቆመ።

«አልታየች ልካኛለች። ያቺ በጓ ወልዳለች። ሴቷን ግልገል ላንቺ ሰጥታሻለች።»

እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ፤ አልጋዬን ሳልዘል በሩ አይከፈትም። የት ላደርጋት፣ ደግሞስ የሥራ ሰው ስጦታ ይቀበላል ወይ፣ ብዙ ነገር አልኩ። አስጨረሰኝ።

«ማን ውሰጃት አለሽ? እዚያው እሷ ታረባልሻለች። ሴትዮዋን እምቢ ልትያት ነው?»

በዚህ ከተማ አምስት ዓመት ኖሬ የእኔ የምለው ነገር ማሰሮና መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ አይደብረኝም እያልኩ ነው የኖርኩት።

ጋሽ ሸሪፍ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ አዲስ ቅጽ አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ። አንድም ቀን እንዲህ ኮስተር ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ወይዘሪት ወለተ ሥላሴ» አለኝ፣ «ይቺ ግልገል የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አልኩት።

ጻፈ። ነገ ጣርማ በር ወጥቶ ወይዘሮ አልታየችንም ይጠይቃታል። እሷም የእኔ ናት ትለዋለች፣ ያንንም ይጽፋል። ሰኞ ሁለታችንንም ወደ ማሽኑ የማስገባው እኔ ነኝ።